ያለ ሞዴል 20

እናቶቻችን "ደም ብዛት" ነበር የሚሉት። ኋላ እኛ ተማርንና "የደም ግፊት" አልነው፤ ቆየት ብለን ደግሞ ቸኮልንና "ግፊት" ብቻ ሆነ። አዳማ ውስጥ (ስሟ እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ከተቀየረ ወዲህም ናዝሬት የሚላት አልጠፋም፤ እኔም አንዱ ነኝ) ዛሬ "ግፊት አለብኝ" ማለት "ጉንፋን ይዞኛል" እንደ ማለት ሆኗል። ሰው አይደነግጥላችሁም። "ማን የሌለበት አለ?" ይልና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሽፈራውን፣ ፌጦውን ይዘረዝርላችኋል። የሚታዘዘው ነገር ብዛቱ! ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ግፊት እንደ ሽበት ጊዜው ሲደርስ የሚመጣ፣ መነሻ የማይፈለግለት ነገር ሆኗል።

እርግጥ ነው፣ የአብዛኛው ሰው ግፊት ተለይቶ የሚጠራ አንድ መነሻ የለውም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ጨው፣ ኑሮ ተደማምረው ያመጡታል። የአንዳንዱ ግን መነሻው ከኩላሊት በላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ዕጢ ናት። "አንዳንዱ" ስል ያን ያህል ጥቂት አይምሰላችሁ። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ከ100 የግፊት ሕመምተኞች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን፣ ሦስት መድኃኒት እየዋጡ አልወርድ ካላቸው መሐል ደግሞ 20 ያህሉን እዚህ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ታናሽ ወንድሜ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ተገኘ። እስኪገኝ ስድስት ዓመት ፈጀ።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ማዳበሪያ፣ ከአፍዴራ ጨው ይጭናል። ግፊት እንዳለበት የታወቀው በ35 ዓመቱ፣ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሲመረመር ነው። አንድ ክኒን ተሰጠው። ከዓመት በኋላ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። ሦስቱንም እየዋጠ 170 በ110 ነው። በየሄደበት ክሊኒክ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ "ትቅማለህ አይደል?" አይቅምም። ሾፌር ስለሆነ ይቅማል፣ ስለሚቅም ግፊቱ አይወርድም፤ በቃ ተዘጋ። የሌላው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ "መድኃኒቱን በትክክል አትወስድም" ይለዋል። በልጅነቱ የቤት ሥራውን ባይሠራ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ! አንዱማ ጨው ጫኝ መሆኑን ሲሰማ፣ "እሱማ በትንፋሽህም ይገባል" አለው አሉ። ቀልዱን ይሁን ከምሩ እስካሁን አላወቅንም።

እንዲህ እንዲህ እያለ እግሩን ቁርጥማት ጀመረው። መተሐራን አልፎ ሞቃቱ ላይ ሲገባ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ላይ እንዳለ ይጨመደድበታል። ጎማ ሲቀይር እጁ ይዝላል። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። ረዳቱ "ስኳር ነው" ብሎ ፈረደ። ተመረመረ፤ ስኳር የለበትም። ከዚያ "ድካም ነው"፣ "ሙቀቱ ነው"፣ "የቆላው ውኃ ነው" ተባለ። የስምጥ ሸለቆ ሰው ሁሉንም ነገር በውኃው ማሳበብ ይወዳል። ጥርስ ማቅለሙን በተመለከተ እውነቱን ነው፤ በወንጂ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ የስንቱን ጥርስ አበለዘ። ይኼኛው ግን የውኃው ሥራ አልነበረም።

ነገሩን የያዘው አንድ ወጣት ሐኪም ነው። አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ፖታሺየሙን ለካ፣ ይኸው ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከ3.5 እስከ 5 የሚሆነው ፖታሺየም የወንድሜ 2.9 ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የጠረጠረው ከሦስቱ ክኒኖች አንዱን፣ ሽንት የሚያሸናውን ነው፤ እሱ ፖታሺየም ያወርዳልና ጥርጣሬው ትክክል ነበር። አስቆመው፣ የፖታሺየም ክኒን ሰጠው። ከወር በኋላ 3.1። ያን ጊዜ ካርዱ ላይ አንድ ቃል ጻፈ፤ አልዶስትሮን።

ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ዕጢ አለብህ ተባልኩ" አለኝ፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል። ችግሩ የቋንቋችን ነው። ሆርሞን የሚያመነጨውንም የሰውነት ክፍል ዕጢ እንለዋለን፣ ቢላ የሚፈልገውን እብጠትም ዕጢ እንለዋለን። ሐኪሙ "የአድሬናል ዕጢህን ሥራ እንይ" ነው ያለው። አድሬናል ዕጢ ደግሞ ሁላችንም አለን፤ በየኩላሊታችን አናት ላይ አንድ አንድ፣ እንደ ቆብ ተደፍታ። ይህን እስካስረዳው አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ባለቤቱ ለቅሶ ጀምራ ነበር። ሐኪሞች ሆይ፣ ለዚች ቃል አንድ ነገር ብታበጁላት ምን አለበት?

እናላችሁ፣ ይቺ ዕጢ ከምታመነጫቸው ሆርሞኖች አንዱ አልዶስትሮን ነው። ሥራውን ለወንድሜ ያስረዳሁት በንብረት ክፍል ነው። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ከሁሉ በፊት ግን ጠያቂ መኖር አለበት፣ ሞዴል 20 መሞላት አለበት። አልዶስትሮን የሰውነታችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ኩላሊት ውስጥ ቁጭ ብሎ በሽንት ሊወጣ የነበረውን ጨው መልሶ ገቢ ያደርጋል፣ በምትኩ ፖታሺየም ወጪ ያደርጋል። ውኃ ደግሞ ጨው ካለበት አይለይም፤ ተከትሎ ይገባል። በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ደም ብዛት ማለት ይኸው አይደል? የእናቶቻችን ስም ለዚህኛው ግፊት ከእኛው ቃል ይልቅ የቀረበ ነው።

ሞዴል 20 ሞልቶ የሚልከው ኩላሊት ነው፤ የመጠየቂያው ስም ሬኒን ይባላል። ውኃ ሲጠማን፣ ጨው ሲያንሰን፣ ደም ሲፈሰን ግፊት ይወርዳል። ኩላሊት ይህን ያይና ሬኒን ይለቃል፤ በሬኒን ሰበብ አንጂዮቴንሲን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ እሱ ወደ አድሬናል ዕጢ ሄዶ "አልዶስትሮን ይሠራ" ይላል። ጨው ገብቶ ግፊቱ ሲመለስ ኩላሊት መጠየቁን ያቆማል። አንጀት ባዶ ይሁን ሙሉ፣ በረሃ እንሁን ደጋ፣ ይህ ነገር ቀንና ሌሊት ሲሠራ ይኖራል። በረሃ ለሚውል ሰው ሕይወቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በላብ የሚወጣው ጨው ሁሉ ሳይተካ ቢቀር ማን ከሚሌ ይመለስ ነበር?

ሕመሙ የሚመጣው ንብረት ክፍሉ ያለ ሞዴል 20 መሥራት ሲጀምር ነው። ኩላሊት "ኧረ በቃኝ" ብሎ ሬኒኑን ዘግቷል፤ ዕጢዋ ግን ማንም ሳያዛት አልዶስትሮን ታመርታለች። ወይ በአንደኛዋ ዕጢ ላይ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ እብጠት ወጥቶ ነው፣ ወይ ሁለቱም ከልክ በላይ መሥራት ለምደው ነው።

አልዶስትሮን ተነጥሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን ሲልቪያ ሲምፕሰንና ኋላ ባለቤቷ የሆነው ጄምስ ቴት ከስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይሽታይን ጋር ከከብት ዕጢ አወጡት። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጄሮም ኮን የሚባል ሐኪም አንዲት የ34 ዓመት ሴት መጣችለት። ሰባት ዓመት ጡንቻዋ ሲዝልና ሲጨመደድ፣ አልፎ አልፎም ሽባ ሲያደርጋት የኖረች፣ ግፊት ያላት፣ ፖታሺየሟ የወረደ ሴት ናት። ኮን ነገሩን ጠረጠረ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ስትቀደድ አድሬናሏ ላይ ያለው እብጠት ተገኘ፣ ወጣላት፣ ዳነች። በሽታው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ሰባት ዓመት የተሠቃየችው እሷ ግን በታሪኩ ውስጥ "አንዲት ሕመምተኛ" ናት። ፍሪሲዮኑ ላይ እግሩ የሚጨመደድበትን ወንድሜን ባሰብኩ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ለዚህ ደም መቀዳት ወባ እንደ መመርመር አይደለም። አልዶስትሮን ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል፤ ስንተኛ ይቀንሳል፣ ስንቆም ይጨምራል። ስለዚህ ደሙ የሚቀዳው ጠዋት፣ ሰውየው ከአልጋ ተነሥቶ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆሞና ተንቀሳቅሶ፣ ከዚያ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ተቀምጦ ነው። ጨው እንዲቀንስ አይነገረውም፤ እንዲያውም ጨው የቀነሰ ሰው አልዶስትሮኑ በጤናው ከፍ ስለሚል ለዚያ ሰሞን እንደ ልማዱ እንዲበላ ይደረጋል። የወረደ ፖታሺየም ቀድሞ መስተካከል አለበት፤ ፖታሺየም ሲያንስ ዕጢዋ ማምረቷን ትቀንስና ወንጀለኛው ንጹሕ መስሎ ይቀርባል። መድኃኒቶቹም ያሳስታሉ። አቴኖሎልና ቤተሰቦቹ ሬኒንን ያወርዱና ያልታመመውን የታመመ ያስመስላሉ፤ ኢናላፕሪል ሬኒንን ከፍ ያደርግና የታመመውን ይደብቃል። የቱ ይቁም፣ የቱ ይቀየር የሚለው ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ይህን አንብቦ ክኒኑን በራሱ ያቋረጠ ሰው ስትሮክ ቢመታው ከእኔ ጋር እንዳይጣላ።

የመጀመሪያው ናሙና የተቀዳበትን የላቦራቶሪ ስም አልጠራም። ወንድሜ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ቀኑን ተኝቶ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሄደ። ምን ትወስዳለህ ብሎ የጠየቀው የለም፣ መቼ ተነሣህ ያለው የለም። ክፍያው ብቻ ቶሎ ተቆረጠ፤ የሁለት ጉዞ አበሉ። ደሙ በረዶ ባለበት ዕቃ ተደርጎ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ደም በበረዶ መላክ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለብዙ ምርመራም ጥንቃቄ ነው። ሬኒን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ደማችን ውስጥ ገና ያልነቃ፣ ፕሮሬኒን የሚባል የሬኒን ወላጅ በብዛት አለ፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ከቱቦው ውስጥ እያለ ወደ ሬኒን ይለወጣል። ናሙናው በክፍል ሙቀት ቆይቶ፣ ተሽከርክሮ ፈሳሹ ከተለየ በኋላ ነው በአንዴ እንዲበርድ የሚደረገው። አዳማ ላይ በቅንነት የተጨመረች በረዶ አዲስ አበባ ላይ የሐሰት ምስክር ትሆናለች ማለት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ የተቀዳበትን ሰዓት አየ፣ አጠፈውና "ይኼን አናየውም" አለ። ወንድሜ ሁለት ጉዞ ወደ ጅቡቲ በከንቱ ነዳ።

ሁለተኛው በሥርዓቱ ሆነ። ሐኪሙ አቴኖሎሉን በሌላ ቀየረ፣ ፖታሺየሙን በክኒን ወደ 4 አደረሰ፣ ወንድሜን አዲስ አበባ ድረስ ላከው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ሲንጎራደድ ቆይቶ 3 ሰዓት ላይ ተቀዳ።

ውጤቱ መጣ። አልዶስትሮን 22። ከጎኑ የጤነኛ ሰው መጠን እስከ 30 ይላል። ኮከብ የለው፣ ቀይ ቀለም የለው። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ የአክስታችን ልጅ በስልክ ሰምታ "እልል በሉ፣ ኖርማል ነው" አለች። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ ቡና ተፈላ።

የዚህ ምርመራ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የአልዶስትሮን ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። 22 ውኃ ለጠማው ሰው ተገቢ ነው፤ ሞዴል 20 ደርሶታል፣ ይሠራል። 22 ሬኒኑ ለተዘጋ ሰው ግን ያለ ጠያቂ የወጣ ንብረት ነው። የወንድሜ ሬኒን ከ0.2 በታች፣ መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በታች ነበር። አንዱን ለሌላው ስታካፍሉ ከ100 በላይ ይመጣል፤ ብዙ ሐኪሞች መጠርጠር የሚጀምሩት ከ20 ወይም ከ30 ጀምሮ ነው። የሒሳቡም ወጥመድ አለው፤ ሬኒን በጣም ካነሰ አልዶስትሮኑ 4 ሆኖ እንኳ ክፍፍሉ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ አልዶስትሮኑ ራሱ ቢያንስ 10 ገደማ መድረሱን ያያሉ። መለኪያውም ይለያያል። የወንድሜ 22 በናኖግራም በዴሲሊትር ነው፤ ሌላ ላቦራቶሪ ያንኑ ደም 220 ፒኮግራም በሚሊሊትር፣ ሦስተኛው 610 ፒኮሞል በሊትር ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱ አንድ ናቸው። ሁለት ሕመምተኞች በረንዳ ላይ ወረቀት አስተያይተው አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሲያጽናና ማየት የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን መጻፌ።

ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ማረጋገጫ ይደረጋል። ለምሳሌ ሁለት ሊትር ጨዋማ ጉሉኮስ ያልሆነ ፈሳሽ በአራት ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጥና አልዶስትሮኑ ይወርድ እንደሆነ ይታያል፤ ጤነኛ ዕጢ ጨው ሲጠግብ ዝም ትላለች። የወንድሜ ግን ፖታሺየሙ በራሱ የወረደ፣ ሬኒኑ የጠፋ፣ አልዶስትሮኑ ከ20 በላይ ስለሆነ ሐኪሙ ይህን ዘለለው። ሲቲ ስካን ተነሣ። የግራ አድሬናሉ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ከምናምን የሆነች ነገር ታየች። እዚህም ላይ ፎቶው ብቻውን አይፈርድም፤ ምንም የማትሠራ ጉብታ ልትሆን፣ አልዶስትሮኑን የሚያመርተውም ሌላኛው ወገን ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከሁለቱም ዕጢዎች ደም ሥር በቀጭን ቱቦ ናሙና መቅዳት ያስፈልጋል፤ የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ወንድሜ የሚጠይቀውን ሲሰማ "ለጊዜው በክኒን እንሞክረው" አለ።

ክኒኑ ስፓይሮኖላክቶን ይባላል። ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ እርጅና ያልጣለው መድኃኒት ነው። አልዶስትሮን ኩላሊት ላይ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል። በሦስተኛው ወር ግፊቱ 132 በ84 ሆነ፤ ቁርጥማቱ ጠፋ፣ የፖታሺየሙን ክኒን ተወ፣ ከቀሩት ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ተቀነሰለት። ዋጋም አለው ታዲያ። አንዳንድ ወንድ ላይ ጡት ያሳብጣል፣ ያሳምማል። ወንድሜ ላይ ጀመረው። ረዳቱ ፊት ሸሚዝ ማውለቅ ተወ እንጂ ክኒኑን አልተወም። ፖታሺየም ከልክ በላይ እንዳይወጣም ደሙ በየጊዜው ይታያል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ፣ ግፊት ግፊት አይደለም ወይ የሚል አይጠፋም። አይደለም። አልዶስትሮን የበዛበት ሰው፣ ግፊቱ እኩል ከሆነ ሌላ ሕመምተኛ ይልቅ ለስትሮክ፣ ለልብ ምት መዛባትና ለኩላሊት ጉዳት የተጋለጠ ነው። ሆርሞኑ ራሱ ልብንና ደም ሥርን ይጎዳል። ለዚህም ነው የአሜሪካው ኢንዶክራይን ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ለዚህ ነገር ቢመረመር ይሻላል ያለው፤ መድኃኒት ሳይቋረጥም ተመርምሮ ውጤቱን በዚያው መጠን መተርጎም እንደሚቻል ጭምር።

ከዚያ ሆኖ መጻፍ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ተለክተው እንኳ አያውቁም። ለእነዚህ ሁሉ አልዶስትሮን ይታይ ማለት ለመቂ ገበሬ ሊፍት ይገባለት እንደ ማለት ይሆንብኛል። ፖታሺየም መለካት ግን ሊፍት አይደለም፤ ደረጃ ነው። ወንድሜን ስድስት ዓመት ያስጠበቀው የአልዶስትሮን መሣሪያ አለመኖሩ አልነበረም፣ ያን ርካሽ ምርመራ የሚያዝለት ሰው ማጣቱ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህ በሽታ ካለባቸው ሰዎች የብዙዎቹ ፖታሺየም ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ አለመውረዱ ነጻ አያወጣም።

ሐኪሙን መክፈል ለማይችሉት ምን ታደርጋለህ ብዬ ጠየቅሁት። ከመቂ የምትመጣ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትነግድ አንዲት ሴት አለችኝ አለ። ሦስት መድኃኒት ላይ ናት፣ ግፊቷ አልወርድ ብሏል፣ ፖታሺየሟ 3.2 ነው። የአልዶስትሮኑን ዋጋ ሲነግራት ስቃ "ዶክተር፣ በዚህ ብር ልጄን አስተምራለሁ" አለችው። እሱም ኩላሊቷን አይቶ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም ጀመረላት። በጭፍን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት ሦስት መድኃኒት አልበቃ ላላቸው አራተኛ ሆኖ ከተሞከሩት መሐል የተሻለው ይኸው አሮጌ ክኒን ነበር። በሁለት ሳምንቷ ለፖታሺየም ተመልሳ መጣች፣ በወሯ ግፊቷ 140 በ90 ሆነ።

"ታዲያ ምርመራው ለምን አስፈለገ?" አልኩት።

"ቀዶ ጥገና የሚያድናት ሴት ልትሆን ትችላለቻ" አለኝ። "አንድ ቀን ክኒን የሚባል ነገር የማያስፈልጋት። እኔ ይኼን አላውቅም፣ እሷም አታውቅም።"

ቀጠሮዋ ለኅዳር ነው። የመቂ ገበያ በማይውልበት ቀን እንዲሆንላት ለምናው ቀኑን ቀይሮላታል።